የሦስት ሜትር ዘንግ፦ ለዪጩዋን ልምምድ እንጨት ሳዘጋጅ የያዝኩት ማስታወሻ

ሳምንት 1 (ጥቅምት 22)

ዘንጉ ዛሬ ደረሰ። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ነው። ወፍራሙ ጫፍ 4.4 ሳንቲ፣ ቀጭኑ 2.3 ሳንቲ። ክብደቱ 2.2 ኪሎ። ዋጋው 120 የቻይና ዩዋን፣ ማጓጓዣው 45።

ሊፍት ውስጥ አልገባም። የምኖረው 6ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ በደረጃ ይዤው ወጣሁ። በየመታጠፊያው ቀጭኑን ጫፍ በመስኮት እያወጣሁ ነው ያዞርኩት። አብሮኝ የሚኖረው የአገሬ ልጅ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ "ወንድሜ፣ ይኼ ደግሞ የምን ምሰሶ ነው?" አለ። አሁን ሳሎኑን በሰያፍ አቋርጦ ተኝቷል።

ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ቤጂንግ ለትምህርት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለቱን ዓመት ዪጩዋን ስለማመድ ቆይቻለሁ። ዪጩዋን ከቻይና "ውስጣዊ" ከሚባሉት የማርሻል አርት ስልቶች አንዱ ነው። ታይቺን ሁሉም ያውቃል። ዪጩዋንን ግን እዚሁ ቤጂንግ ውስጥ ስሙን ያልሰማው ይበዛል። በቃል የሚጠና የእንቅስቃሴ ድርድር፣ ማለትም ፎርም፣ የለውም። ዋናው ሥራ መቆም ነው። ዣን ዥዋንግ ይሉታል፤ እንደ ተተከለ ምሰሶ መቆም ማለት ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፣ ጉልበት ትንሽ ይለቀቃል፣ ሁለቱ ክንዶች ደረት ፊት ትልቅ ኳስ እንዳቀፉ ሆነው ይያዛሉ። ከዚያ በቃ መቆም ነው። 20 ደቂቃ፣ 40 ደቂቃ።

ይህ ስልት አንድ ችግር አለው። ፎርም ስለሌለው ስህተትህ በቀላሉ አይታይም። ቆሜ ስውል ሰውነቴ ሁሉ የተያያዘ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር መምህሬ ክንዴን ይዘው ገፋ አደረጉኝና "ክንድህ ይሠራል፤ ሰውነትህ ቆሞ ያያል" አሉኝ። ረጅም ዘንግ እንድይዝ ነገሩኝ። "የተዘጋጀ አትግዛ። ጥሬውን ግዛና ራስህ ሥራው" አሉ።

ሳምንት 2

እንጨቱ ባይላ ይባላል፤ "ነጭ ሰም" ማለት ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ስሙ ፍራክሲነስ ቺኔንሲስ። እኔ መጀመሪያ በሰም የተነከረ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በዚህ ዛፍ ላይ የሚረባ ትንሽ ነፍሳት ነጭ ሰም ያወጣል። ሲቹዋን ውስጥ ለዘመናት ያንን ሰም እየሰበሰቡ ሻማ ሠርተውበታል። ዛፉ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ለዘንግ የሚሆነውን በብዛት የሚያበቅሉት የሻንዶንግና የሄናን ግዛቶች ናቸው።

ከግንድ ተሰንጥቆ የተላገ እንጨት አይደለም። አንድ ለጋ ዛፍ አንድ ዘንግ ይሆናል። ስለዚህ ቃጫው ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሲታጠፍ የማይሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ጽፌዋለሁ፤ ግን አልገባኝም ነበር። ወደ ታች ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

ምርመራ፦ ቅርንጫፍ የነበረባቸው 11 ጉጦች አሉ። ሁለቱ ትልልቅ ናቸው። ከወፍራሙ ጫፍ 1.2 ሜትር ላይ ጎበጥ ይላል። ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሬ ክፍተቱን ስለካው 4.5 ሳንቲ ሆነ። እንጨቱ ገና እርጥበት አለው። ስለዚህ ማድረቅ ይቀድማል ብዬ ግድግዳ ሥር በሦስት ጡብ ላይ አስተኛሁት።

ሳምንት 3 (ኅዳር 6)

ዛሬ በፈረንጅ ኖቬምበር 15 ነው። ቤጂንግ ውስጥ የማዕከላዊ ማሞቂያው በይፋ የሚከፈትበት ቀን። ራዲያተሩ ሞቀ፤ ቤቱ ደስ አለ።

ዘንጉ ያለው ከራዲያተሩ ሥር ነው። ቶሎ ይደርቅልኛል ብዬ አልነካሁትም።

እስኪደርቅ ድረስ ታሪኩን ላንሣ። ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው። ዪጩዋንን የመሠረተው ዋንግ ሺያንግዣይ ነው። በ1885 በሄበይ ግዛት ሸን አውራጃ ተወልዶ በ1963 አረፈ። መምህሩ ጉዎ ዩንሸን ሺንግዪ (ሙሉ ስሙ ሺንግዪጩዋን) የሚባለው የቡጢ ስልት ታላቅ ሰው ነበር። "በግማሽ እርምጃ ቡጢ አገሩን ሁሉ አሸነፈ" ይሉለታል። "ሺንግ" ቅርጽ ማለት ነው። "ዪ" ሐሳብ፣ ውጥን። "ጩዋን" ቡጢ። ዋንግ በ1920ዎቹ ቅርጹን ከስሙም ከሥራውም ላይ አነሣው። ሐሳብ ብቻ ቀረ። ሰዎች ድርድሩን እያሳመሩ ፍሬውን ረስተዋል የሚል ቁጭት ነበረው። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት መቆምን ለሕሙማን ጭምር ያስተምር ነበር። ዛሬ በየመናፈሻው ለጤና ብለው ከሚቆሙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብዙዎቹ የሱ ፈለግ እንዳለባቸው አያውቁም።

ዘንጉ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ሺንግዪ ራሱ ከጦር የመጣ ነው ይባላል። የዘር ሐረጉን የሚቆጥሩት ከሻንሺ ግዛቱ ጂ ጂኬ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጦረኛ ነበር፤ የጦሩን አሠራር ወደ ቡጢ ለወጠው ይላሉ። እንግዲህ ይህ ዘንግ ብረቱ የወለቀለት ጦር ነው። ዘንግ ስናንቀጠቅጥ ቡጢው ወደ ወጣበት ቤት እንመለሳለን። ይህን ሳስብ 2 ኪሎው እንጨት ይከብደኛል።

ሳምንት 4

ተሰነጠቀ።

ማክሰኞ ጠዋት ወፍራሙን ጫፍ ሳየው ከመሐሉ ወደ ዳር ሦስት ስንጥቅ ወጥቷል። ረጅሙ 7 ሳንቲ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቀጭኑም ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ አለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንጨት ውሃውን በፍጥነት የሚያጣው በተቆረጠው ጫፉ ነው። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር መሐሉ ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ ጫፉ ይቀደዳል። ጫፎቹን ገና በመጀመሪያው ቀን መድፈን ነበረብኝ። ከራዲያተሩም ማራቅ ነበረብኝ።

ያደረግኩት፦ ከወፍራሙ 8 ሳንቲ በመጋዝ ቆረጥኩ። ከቀጭኑ 3። አሁን 2 ሜትር ከ94 ነው። ሻማ አቅልጬ ሁለቱንም ጫፍ ነከርኩ። የሻማው ዋጋ 8 ዩዋን። ከዚያ ዘንጉን ራዲያተር ወደሌለው የደረጃ ኮሪደር አወጣሁት። ፊት ለፊት የሚኖሩት ሽማግሌ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ዳሰሱትና "ባይላ!" አሉ፤ ዓይናቸው በራ። አባታቸው የአካፋ እጀታ ይሠሩበት ነበር። በየቀኑ ሲወጡ ሲገቡ ያዩታል።

በየሦስት ቀኑ እመዝነዋለሁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ሳምንት 6

ክብደቱ 1.8 ኪሎ ላይ ቆመ። ማረቅ ጀመርኩ።

ዕቃ፦ የሞቀ አየር የሚነፋ ማሽን፣ 79 ዩዋን። የፀጉር ማድረቂያ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። እንጨት ሲሞቅ ቃጫዎቹን አያይዞ የያዘው ሊግኒን የሚባለው ነገር ይለሰልሳል። ያኔ ይታጠፋል። ሲበርድ በያዘው ቅርጽ ይጸናል።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ አፈሙዙን በጣም አቀረብኩት፤ አንድ ቦታ ላይም አቆየሁት። የአውራ ጣት የሚያህል ቦታ ጠቆረ። ውስጡ ግን ገና ቀዝቃዛ ነበር።

ሁለተኛው፦ 15 ሳንቲ አርቄ እያንቀሳቀስኩ 10 ደቂቃ አሞቅኩት። በረንዳው ብረት መካከል አስገብቼ ጎበጣውን በተቃራኒው ገፋሁ። ቀና! 5 ደቂቃ ይዤው ለቀቅኩት። በማግስቱ ስለካው ከ4.5 ወደ 3.4 ሳንቲ ብቻ ነው የቀነሰው።

ማታ ጎጃም አጎቴ ጋ ደወልኩ። የወይራ ዱላ ሲያርቅ ልጅ ሆኜ አይቸዋለሁ። ነገሩን ስነግረው ጊዜ አልፈጀበትም።

"ጋሼ፣ ይመለሳል እኮ" አልኩት።

"በምንድን ነው የምታሞቀው?"

"በማሽን። ኃይለኛ ነው።"

"ነበልባል ከሆነ ላዩን ይለበልበዋል እንጂ አያርቀውም። በረመጥ ነው ልጄ። ቀስ እያለ እስከ ውስጥ ይግባለት። ደሞ ቅቤ ሳትቀባ? አርጥበው። ስታርቀው ከቀናው አሳልፈህ ወደዚያ አጉብጠው። እስኪበርድም አትልቀቀው።"

ረመጥም ቅቤም የለኝም። እርጥብ ፎጣ ጠመጠምኩበት። በፎጣው ላይ በዝቅተኛው ሙቀት 25 ደቂቃ ነፋሁ። ከዚያ ከቀናው 3 ሳንቲ አሳልፌ አጎበጥኩና ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ፣ ወደ 40 ደቂቃ፣ በገመድ አስሬ ተውኩት። በማግስቱ 1.4 ሳንቲ። ለዘንግ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ቀጥ እንዲል አይፈለግም፤ በሁለት እጅ ሲያዝ ጫፉ ራሱ በክብደቱ ዘንበል ይላል።

ሳምንት 7

ጉጦቹን ማስተካከል። መላጊያ ገዛሁ፣ 38 ዩዋን። ሁለቱ ትልልቅ ጉጦች መዳፍ ይቧጥጣሉ። ስለዚህ ከዙሪያው ጋር እኩል እስኪሆኑ ላግኋቸው። ቆንጆ ሆኑ።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፦ 120 ቁጥር፣ 240፣ 400። በአጠቃላይ 16 ዩዋን። ሁለት ማታ ፈጀ። የእንጨቱ ቀለም እንደ አጃ ዱቄት ነጣ። በመዳፌ ሳንሸራትተው ደስ አለኝ።

ሳምንት 8

የቶንግ ዘይት፣ 32 ዩዋን። ከቶንግ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ነው፤ ቻይናዎች ለጀልባና ለጃንጥላ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አየር ሲነካው ራሱ ይደርቅና ውሃ የማያስገባ ልባስ ይሆናል።

ስህተት፦ አወፍሬ ቀባሁ፤ ኮሪደሩ ውስጥም ተውኩት። በብርድ አይደርቅም። በአራተኛው ቀን እንደ ማር ያጣብቅ ነበር። በጨርቅ ጠራርጌ፣ በ400 ቁጥር ወረቀት ቀስ ብዬ አነሣሁት። እንደገና በስሱ ቀባሁና ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ሁሉ ወለወልኩ። ቤት ውስጥ ከራዲያተሩ ራቅ አድርጌ ሁለት ቀን። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ።

እናንተም ብትሞክሩት ይህን ልብ በሉ፦ በዘይቱ የራሰውን ጨርቅ አጨማዳችሁ አትጣሉት። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ከታጨቀ በራሱ እሳት ሊነሣ ይችላል። ዘርጋ አድርጋችሁ ውጭ አድርቁት።

እስከ አሁን የወጣው፦ ዘንግ 120፣ ማጓጓዣ 45፣ ሻማ 8፣ የሞቀ አየር ማሽን 79፣ መላጊያ 38፣ ወረቀት 16፣ ዘይት 32። ድምር 338 ዩዋን።

ሳምንት 9

ወደ ሜዳ። በሜትሮ ልሄድ ብል የጣቢያው ፍተሻ በርዝመቱ ምክንያት መለሰኝ። 50 ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። የምንለማመደው በውሃ ቦይ ዳር፣ ዛፎች ሥር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ነበር።

አያያዙ እንዲህ ነው። ግራ እግር ፊት፣ ከክብደቱ ሦስት እጅ ፊተኛው፣ ሰባት እጅ ኋለኛው እግር ላይ። ቀኝ እጅ የዘንጉን ወፍራም ጫፍ ጨብጦ ዳሌ አጠገብ። ግራ እጅ ፊት ለፊት ላላ ብሎ ይይዛል፣ መንገድ ያሳያል። ከጦር የወረሱት ሦስት ነገር አለ፦ ላን፣ ና፣ ዣ። ወደ ውጭ መክበብ፣ ወደ ውስጥ መክበብ፣ መውጋት። ከዚያ ማንቀጥቀጡ ይመጣል። ሰውነት አንዴ፣ አጭር፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሲነቃነቅ፣ ያ ነገር በዘንጉ ውስጥ ተጉዞ ጫፉ ላይ ይፈነዳል። ፋ ሊ ይሉታል፤ ኃይልን መልቀቅ።

የእኔ ጫፍ አልፈነዳም። ሰፊና ሰነፍ ክብ ሠራ። በስልኬ ቀስ ያለ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ጫፉ ወደ 60 ሳንቲ ይወዛወዛል። ክንዴ ይሄዳል፣ ዳሌዬ ዘግይቶ ይከተላል፣ እግሬ ምንም። መምህሬ ያሉትን አሁን በዓይኔ አየሁት። ሁለት ዓመት ያልታየኝ ነገር በአንድ ጠዋት ታየ።

ከዚያ ያደረግኩት ግን ትክክል አልነበረም። በኃይል ላስተካክለው ሞከርኩ። በቀን 300 ጊዜ። በአምስተኛው ቀን የቀኝ ክርኔ ውጭ በኩል ያመኝ ጀመር። ብርጭቆ ሳነሣ ይወጋኛል።

ሳምንት 10 (ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ)

ተሰበረ።

ክርኔን በፋሻ አስሬ ቀስ ብዬ ላን ና እያደረግኩ ነበር። ቀጭኑ ጫፍ ሄዶ የዛፍ ግንድ ነካ። ትንሽ ንክኪ። ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከመሐሉ ትንሽ አለፍ ብሎ እንጨቱ ተከፍቶ ተንጠለጠለ።

መምህሬ መጥተው አነሡት። ስብራቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አድርገው "ይህን ላግኸው?" አሉኝ። ትልቁ ጉጥ ነው። ስብራቱ የጀመረው እዚያው ነው።

ጉጥ አጠገብ ቃጫው በጉጡ ዙሪያ ጎበጥ ብሎ ያልፋል። ውሃ ድንጋይን ዞሮ እንደሚያልፍ። ያ እብጠት የቃጫው መንገድ ነው። እኔ እኩል ይሁን ብዬ ስልገው መንገዱን ቆረጥኩት። በሳምንት 2 "ቃጫው ሳይቋረጥ ይሄዳል" ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። በሳምንት 7 ግን ራሴ አቋረጥኩት።

አልተቆጡም። "ሳሳያቸው ያምር ዘንድ" ነበር ምክንያቴ፤ ነገርኳቸው። ዋንግ ሺያንግዣይ ቅርጹን ከስሙ ላይ ለምን እንዳነሣ ጠየቁኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ዝም አልኩ።

ማታ የአገሬ ልጆች ለገና ቤታችን ተሰብስበው ነበር። አንዱ የተሰበረውን አይቶ የገና ጨዋታ ዱላ ይወጣዋል አለ። ከወፍራሙ ክፍል ቆርጬ ሰጠሁት። ቀጥ ያለ ስለሆነ ለሩር መምቻ አይመቸውም፤ ግን ደስ ብሎት ወሰደው።

ሳምንት 11 እስከ 15

ሁለተኛውን ዘንግ አዘዝኩ። 210 ዩዋን፣ ማጓጓዣ 60። ሻጩን ገና ትኩስ የተቆረጠ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። ከቻይናዎች አዲስ ዓመት በፊት አልደረሰም። በዓሉ ሲቃረብ ዕቃ አድራሾቹ ሁሉ ወደየአገራቸው ይገባሉ፤ ከተማው ይጎድላል። መጠበቅ ብቻ ነው።

ክርኔም እረፍት ይፈልጋል። መምህሬ አንድ ነገር ብቻ ፈቀዱልኝ፦ መቆም። ስለዚህ አምስት ሳምንት ቆምኩ።

መዝገቡ አጭር ነው። በሳምንት 11 በቀን 20 ደቂቃ፤ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። በሳምንት 12 ዝቅ ብዬ ለመቆም ሞከርኩ። ጉልበቴ ታመመ፣ ተውኩት። ዝቅ ማለት ጥንካሬ ይመስላል፤ ጭኑን ብቻ ነው የሚያደክመው። በሳምንት 13 በቀን 30።

በሳምንት 14 አንድ ነገር ተለወጠ። መምህሬ እንዲህ አሉኝ፦ "ክንድህ መካከል ያለው ፊኛ ነው። ብትጨምቀው ይፈነዳል፣ ብትለቀው ይበራል።" ሳደርግ የነበረው ይህንኑ ነው ብዬ አስቤ ነበር። አይደለም። እኔ ስጨምቅ ነበር የኖርኩት። አሁን እጄ ወደ ፊት ሲሄድ ጀርባዬ ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ አናቴ ወደ ላይ ሲሳብ እግሬ ወደ መሬት እንደሚሰምጥ ማሰብ ጀመርኩ። ዠንግ ሊ ይሉታል፤ የሚጓተት ኃይል። ከውጭ የሚያይ ሰው ምንም አያይም። ውስጤ ግን ውጥር ያለ ክር ተዘርግቷል። ክንዴን የአገሬ ልጅ ገፍቶ እንዲያየኝ አደረግኩ። "ሶፋውን የገፋሁ መሰለኝ" አለ።

ክርኔም ዳነ።

ሳምንት 16

ሁለተኛው ዘንግ ደረሰ። 3 ሜትር፣ ወፍራሙ 4.6፣ ቀጭኑ 2.5 ሳንቲ፣ 2.6 ኪሎ። ከበድ ያለና እርጥብ ነው።

ደረጃውን ሳልጨርስ ነው ስለ ሻማው የማስበው። በገባሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ጫፍ ተደፈነ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ኮሪደሩ። ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ ከማሞቂያው ቧንቧ ያርቀው ብለው ራሳቸው ቦታ ለቀቁልኝ። የጫማ መደርደሪያቸውን ገፋ አደረጉ።

በዚህኛው ማረቁን አላዘገየሁም። አጎቴ "አርጥበው" ያለው ገብቶኛል፤ ሳይደርቅ ገና ይታዘዛል። በሦስተኛው ቀን እርጥብ ፎጣ፣ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ማሳለፍ፣ ማሰር። 3.8 ሳንቲ የነበረው ጎበጣ በሁለት ዙር 0.9 ሆነ። ከዚያ ማድረቅ።

ሳምንት 20 (መጋቢት 6)

ዛሬ ማሞቂያው ተዘጋ። ዘንጉ 2.2 ኪሎ ላይ ቆሟል። አንድም ስንጥቅ የለም።

ጉጦቹን መላጊያ አላስነካኋቸውም። በተሰበረ ብርጭቆ ጠርዝ፣ በወፍራም ጓንቲ ይዤ፣ የሚቧጥጠውን ቅርፊት ብቻ ፋቅኩ። ሁልጊዜ በቃጫው አቅጣጫ። እብጠቶቹ እንዳሉ ናቸው። ግራ እጄ ሲንሸራተትባቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራቸዋል። ከመሐሉ አጠገብ ያለችው አራተኛዋ ለግራ እጄ ምልክት ሆናለች።

ዘይቱን አንድ ጊዜ፣ በጣም በስሱ። መምህሬ ከዚያ በላይ አትቀባ አሉኝ፤ የቀረውን የእጅ ላብና ወዝ ይሠራዋል። የሳቸው ዘንግ ቡናማ ሆኗል፤ ምንም ቀለም ሳይነካው።

የሁለቱ ዘንግ ጠቅላላ ወጪ 608 ዩዋን። መላጊያውን ለአንድ አናጢ ጎረቤት ሰጠሁት።

ሳምንት 22

በቀን 30 ጊዜ ብቻ። ከያንዳንዱ በፊት ዘንጉን ይዤ አንድ ደቂቃ እቆማለሁ።

ጫፉ ላይ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ አሰርኩ። ጥሩ መለኪያ ነው። በክንድ ሲሆን ጨርቁ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ከእግር ሲመጣ ጠብ ይልና ዘንጉ ላይ ይለጠፋል። ከሠላሳው አራት ጊዜ ተለጠፈ።

እናቴ ጋቢ ስታራግፍ ትዝ አለኝ። ክንዷን ብዙ አታነሣውም። ወገቧ አንዴ ነቅነቅ ይላል፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ ጧ ይላል። አቧራው ይወጣል። ይህን ለመምህሬ በቃሌና በሰውነቴ አሳየኋቸው። ደጋግመው እንዳሳያቸው አደረጉኝና ሌሎቹን ተማሪዎች ጠሩ። ዛሬ ቦይ ዳር ስድስት ሰው የማይታይ ጋቢ ሲያራግፍ ነበር።

ሳምንት 24

ቪዲዮ እንደገና ቀረጽኩ። ከሳምንት 9ኙ ጋር ጎን ለጎን አየሁት። የጫፉ ጉዞ ከ60 ሳንቲ ወደ 25 ገደማ ወርዷል፤ ግን ያንኑ ጉዞ የሚጨርሰው በጣም ባነሰ ጊዜ ነው። ኋለኛው እግሬ ይጀምራል፤ ዳሌዬ ከሱ ጋር ነው። ቀኝ ትከሻዬ ግን አሁንም ትንሽ ቀድሞ ይነሣል። እሱ ይቀራል።

መምህሬ ዘንጉን ተቀበሉኝ። ከሳቸው በ40 ዓመት አንሳለሁ። ቆሙ። ምንም ሲያደርጉ አላየሁም። ዘንጉ እንደ ተመታ ገመድ ጮኸ፤ ቀዩ ጨርቅ ተፈትቶ በረረ። ጉጦቹን በመዳፋቸው እየቆጠሩ እስከ ጫፉ ሄዱና መለሱልኝ። "አሁን ዘንግ ነው" አሉ።

ጨርቁን ፈልጌ አገኘሁት፣ ውሃው ዳር ሣሩ ላይ። መልሼ በድርብ ቋጠሮ አሰርኩት።

የሚቀጥለው፦ ሐምሌ ላይ ቤጂንግ ዝናብና ወበቅ ይሆናል፤ እንጨቱ እርጥበት ይስባል። ያኔ ክር ወጥሬ ጎበጣውን እንደገና እለካለሁ። ከ2 ሳንቲ ካለፈ ፎጣውን አወጣለሁ። እስከዚያ በቀን 30።